ያልተሳለውን ስለት የሚከፍል መምህር

ነሐሴ በገባ ቁጥር የቴሌግራም የሥራ ማስታወቂያ ቻናሎች በአንድ ዓይነት ጽሑፍ ይጥለቀለቃሉ። የሒሳብ መምህር፣ የፊዚክስ መምህር፣ የእንግሊዝኛ መምህር፣ የኬጂ ረዳት፣ ጸሐፊ፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ «እንፈልጋለን»። ከአስነጋሪዎቹ መካከል የካቶሊክ ትምህርት ቤቶችም አሉ። የሚገርመው ትምህርት ቤት መምህር መፈለጉ አይደለም፤ የትኛውም ቤት ሰው ይለቅበታል። የሚገርመው ካቻምናም፣ አምናም፣ ዘንድሮም ለዚያው ትምህርት፣ ለዚያው የክፍል ደረጃ መፈለጉ ነው።

ያ ቦታ ሰው አላጣም። ሰው አይበረክትለትም እንጂ።

ለምን ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ነው። «የዘንድሮ ወጣት ትዕግሥት የለውም።» «ገንዘብ ብቻ ነው የሚያየው።» «የአገልግሎት መንፈስ ጠፍቷል።» ጥፋቱ ሁሉ በሄደው ሰው ላይ ይደፈደፋል። ሄዷልና መልስ አይሰጥም።

ሐቁ ሌላ ነው። የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች የተገነቡት ድህነትን በመሐላ በተቀበሉ ሰዎች ጉልበት ነው። እነዚያ ሰዎች ዛሬ ከክፍል ውስጥ ተመናምነዋል። ስለታቸው ግን እዚያው ቀርቷል፤ በደመወዝ እርከኑ ውስጥ፣ በዳይሬክተሩ ንግግር ውስጥ፣ በዓመቱ መጨረሻ ምስጋና ውስጥ። አሁን ያንን ስለት የሚከፍለው ያልተሳለው ሰው ነው፤ የቤት ኪራይ ያለበት፣ ልጅ የሚያሳድግ፣ ብዙ ጊዜም የካቶሊክ እምነት ተከታይ እንኳ ያልሆነ መምህር።

ሁሉም ትምህርት ቤቶች አንድ ናቸው ማለት አይደለም። መምህሮቻቸውን ይዘው፣ አክብረው፣ አስረጅተው የሚሸኙ አሉ። ነገሩ እነሱን አይመለከትም። በየዓመቱ በሩ ላይ ማስታወቂያ የሚለጥፈውን ግን በሚገባ ይመለከታል።

▪️ መምህር ሲለቅ ምን ይሄዳል?

መምህር ሲለቅ በመዝገብ ቤት የሚቀረው አንድ ደብዳቤ ነው። ተማሪው የሚያጣው ግን በደብዳቤ አይጻፍም።

እስቲ በጥር፣ በመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት ላይ የፊዚክስ መምህሩ የሄደበትን አንድ 10ኛ ክፍል አስቡት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ክፍለ ጊዜው ባዶ ያልፋል፤ ልጆቹ የሌላ ትምህርት የቤት ሥራ ይሠሩበታል። ከዚያ የኬሚስትሪው መምህር «ሰው እስኪገኝ» ተብሎ ይደረብበታል። እሱም ቀድሞ ከአቅሙ በላይ ይዞ ነበርና ሁለቱንም በግማሽ ልብ ያስተምራል። በመጋቢት አዲስ ተመራቂ ይቀጠራል። ልጁ ጎበዝ ሊሆን ይችላል። ግን የትኛዋ ተማሪ ገብቷት ሳለ እጇን እንደማታነሳ፣ የትኛው ልጅ ፊት ወንበር ካልተቀመጠ ሰሌዳው እንደማይታየው፣ የትኛው ቤት ውስጥ ችግር እንዳለ አያውቅም። ይህን ለማወቅ አንድ ሙሉ ዓመት ይፈልጋል። ዓመቱ ሲሞላ እሱም ይሄዳል።

ደብተሩን ብትከፍቱት ታሪኩ ተጽፎበታል። ምዕራፍ 2ን ሁለት ጊዜ ተምረውታል፤ ምዕራፍ 5 የለም። ላብራቶሪው ተቆልፏል፤ የትኛው ዕቃ እንደሚሠራ የሚያውቀው ሰው የለቀቀው ነው። ወላጅ ስለ ልጁ ሊጠይቅ ሲመጣ የሚያነጋግረው መምህር ልጁን የሚያውቀው ከተቀጠረ ጀምሮ፣ ማለትም ከሦስት ሳምንት ወዲህ ነው።

የሚሄዱት መምህራን ብቻም አይደሉም። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ስትለቅ ከ10 ዓመት በፊት የተመረቀ ተማሪ ትራንስክሪፕት የት መደርደሪያ ላይ እንዳለ የምታውቀው ብቸኛ ሰው ሄደች ማለት ነው። የኬጂዋ ሞግዚት ስትለቅ የ4 ዓመቱ ሕፃን ጠዋት በር ላይ የሚሰጣትን እጅ ያጣል። ዘበኛው ሲለቅ ማን የማን አባት እንደሆነ፣ ማን ልጅ እንዳይወስድ የተከለከለ እንደሆነ የሚለየው ዓይን ይጠፋል። እነዚህ ሰዎች ከመምህሩም ያነሰ ይከፈላቸዋል፤ ሲሄዱ ደግሞ የምስጋና ወረቀት እንኳ የሚሰጣቸው የለም።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ100 ተፈታኞች 3 ገደማ ብቻ መሆናቸው ሲነገር አገር ደንግጧል። ከዚያ ወዲህ ስም ያለው ትምህርት ቤት የሚፈልግ ወላጅ የካቶሊክ ትምህርት ቤቶችን ስም ከፊት ረድፍ ይጠራል። ስሙ ግን ከሕንጻው አልመጣም። ከዩኒፎርሙም አልመጣም። በአንድ ክፍል 20 እና 30 ዓመት ቆመው አባትንም ልጅንም ካስተማሩ ሰዎች የመጣ ነው። ስሙ የመቆየት ፍሬ ነው። የሚቆይ ሰው ሲጠፋ ትምህርት ቤቱ የሚኖረው አሮጌ መምህራን ያስቀመጡለትን ስም እየመነዘረ ነው። እንዲህ ያለ ተቀማጭ ደግሞ እያሳሳቀ ያልቃል፤ ባዶ መሆኑ የሚታወቀው ካለቀ በኋላ ነው።

▪️ ቤቱን የሠሩት ሰዎች

የነዚህን ትምህርት ቤቶች ባለውለታነት መካድ ነውር ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን ማስተዳደር የጀመሩት ከካናዳ የመጡ ኢየሱሳውያን ናቸው። ከመካከላቸው ሉሲያን ማት የሚባሉት አባት እ.ኤ.አ. በ1950 የተመሠረተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ። የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከዚያ ኮሌጅ የበቀለ ነው። የላሳል ወንድሞች በቅዱስ ዮሴፍ፣ ሳሌዢያውያን በዶን ቦስኮ ትምህርት ቤቶች፣ ሌሎች ደናግልና መነኮሳት በየገጠሩ የሠሩት ሥራ በትውልድ የተመሰከረ ነው።

እነዚህ ሰዎች ደመወዝ ቆጥረው አልሠሩም። ድህነትን፣ ንጽሕናንና መታዘዝን በመሐላ የተቀበሉ ናቸው። ይሁን እንጂ የዚህን መሐላ ሌላውን ገጽ ማየት ያስፈልጋል። ድህነትን የማለ መነኩሴ የቤት ኪራይ የለበትም። ለልጅ ወተት አይገዛም። ሲታመም ማኅበሩ ያሳክመዋል፣ ሲያረጅ ማኅበሩ ይጦረዋል፣ ሲሞት ማኅበሩ ይቀብረዋል። ድህነቱ ብቻውን አልመጣም፤ ቤት፣ ማዕድ፣ ሕክምናና ጡረታ ይዞ ነው የመጣ።

ዛሬ በዚያው ሰሌዳ ፊት የቆመው ምእመን መምህር ድህነቱን ወርሷል። ቤቱን ግን አልወረሰም።

ይህ የኢትዮጵያ ብቻ ጉዳይ አይደለም። በአሜሪካ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ከሚያስተምሩት ከ10ሩ 9 ያህሉ ደናግል፣ ወንድሞችና ካህናት ነበሩ። ዛሬ ከ100 መምህራን 3 እንኳ አይሞሉም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ ከ5 ሚሊዮን በላይ የነበረው የተማሪዎቻቸው ቁጥር አሁን ወደ 1.7 ሚሊዮን ወርዷል። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ግን በነጻ ጉልበት የቆመ ቤት ጉልበቱ ዋጋ ሲያወጣ ምን እንደሚያደርግ ቀድሞ አለማሰቡ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። የኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ይህን ከሩቅ ለማየት ዕድል አግኝተዋል። ዕድሉን የተጠቀሙበት አይመስልም።

▪️ «አገልግሎት ነው»

ደመወዝ ይጨመርልን ያለ መምህር የሚሰማት ቃል አለች፤ «ይህ ሥራ ሳይሆን አገልግሎት ነው።» ቃሏ ቆንጆ ናት። ከተናጋሪው አፍ ስትወጣ ግን ሒሳብ መዝጊያ ናት። ለመምህሩ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚሉት ዓይነት ተስፋ ይሰጠዋል። አከራዩ ግን በየወሩ መጨረሻ የሚጠይቀው በምድር ያለውን ነው።

ከዚህ ላይ አንድ ቁጥር ማስታወስ ይገባል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የካቶሊክ ምእመናን ከኢትዮጵያ ሕዝብ 0.7 ከመቶ ነበሩ። ስለዚህ በነዚህ ትምህርት ቤቶች የሚያስተምረውም የሚማረውም ባብዛኛው ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙ፣ ፕሮቴስታንቱ ነው። ይህ ለትምህርት ቤቶቹ ክብር ነው፤ በራቸው ለሁሉም መከፈቱን ያሳያል። ግን ለሙስሊሙ የሒሳብ መምህር «ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ብለህ ቻለው» ማለት ምን ትርጉም አለው? ለኦርቶዶክሷ የባዮሎጂ መምህርት የራሷ ደብር፣ የራሷ ስለት አላት። የሌላ ሰው ስለት የምትከፍልበት ምክንያት የለም።

በጉዳዩ ላይ አፉን የከፈተ ሠራተኛ ደግሞ የማርያም ጠላት ተደርጎ ይታያል። ስብሰባ ላይ የጠየቀ «ረባሽ» ነው፣ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የጠየቀ «አድማ መቺ» ነው። ስለዚህ ብልሁ መምህር አይጠይቅም። ዝም ብሎ ሲቪውን ያስተካክላል። ነሐሴ ላይ ዳይሬክተሩ «እንዴት ሳይነግረን ሄደ?» ብለው ይገረማሉ። ነግሯቸው ነበር፤ ሲነግራቸው ግን ስም አወጡለት።

▪️ ሕጉስ ምን ይላል? የሮማም፣ የአገርም

የሚያሳዝነው ይህን ሁሉ የሚቃወም ትምህርት ያላት ራሷ ቤተ ክርስቲያኒቱ መሆኗ ነው። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 ስለ ሠራተኞች በጻፉት መልእክት (ሬሩም ኖቫሩም) ደመወዝ ቆጣቢ የሆነን ሠራተኛ ለማኖር የሚበቃ መሆን እንዳለበት አስተምረዋል። ሠራተኛ ቸግሮት ወይም የባሰ እንዳይመጣ ፈርቶ ዝቅተኛውን ቢቀበል ፈቃዱ እንደሆነ አይቆጠርም፤ ግፍ ነው ብለዋል። «ራሱ ፈርሞ አይደል እንዴ የገባው?» የሚለው የሰው ኃይል ክፍል መልስ ከ130 ዓመት በፊት በቫቲካን ውድቅ ተደርጓል። በሚያዝያ 2017 የተመረጡት ሊዮ 14ኛም ስሙን የመረጡት በዋናነት በዚሁ ጳጳስና በዚሁ መልእክት ምክንያት እንደሆነ ራሳቸው ተናግረዋል።

ነገሩ በስብከት ብቻ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የላቲን ሥርዓት ቤተ ክርስቲያን ሕግ ቁጥር 1286 የቤተ ክርስቲያን ንብረት አስተዳዳሪዎች የአገሩን የሠራተኛ ሕግ እንዲጠብቁና ለሚቀጥሯቸው ሰዎች ራሳቸውንና ቤተሰባቸውን የሚያኖር ፍትሐዊ ደመወዝ እንዲከፍሉ ያዛል። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የምሥራቃውያን ቤተ ክርስቲያናት ሕግም ተመሳሳይ ትእዛዝ አለው። የ2ኛው ቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ትምህርት ባወጣው መግለጫ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ዓላማውን መምታቱ ከሁሉ በላይ በመምህራኑ ላይ የተመሠረተ ነው ብሏል። እንግዲህ መምህሩን ማጣት ዓላማውን ማጣት ነው። ይህን ያለው የውጭ ሃያሲ አይደለም።

የአገሩ ሕግም ግልጽ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሥራ ውል በመርህ ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል። ለተወሰነ ጊዜ የሚፈረም ውል በአዋጁ ለተዘረዘሩ የተለዩ ሁኔታዎች ነው። የሒሳብ ትምህርት ጊዜያዊ ሥራ አይደለም፤ በሚቀጥለው መስከረምም ሒሳብ ይኖራል። ታዲያ መምህሩን በመስከረም አስፈርሞ በሰኔ ማሰናበት፣ ሐምሌንና ነሐሴን ያለ ደመወዝ ማሳለፍ፣ በመስከረም እንደገና እንደ አዲስ ማስፈረም ምን ይባላል? በአንዳንድ የግል ትምህርት ቤቶች የሚታየው ይህ ልማድ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ሲገኝ ነውሩ እጥፍ ነው። የሙከራ ጊዜም በአዋጁ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። የሥራ ልምድ ማስረጃም ያለ ክፍያ የሚሰጥ የሠራተኛው መብት ነው፤ የሄደን ሰው መቅጫ አለንጋ አይደለም።

«እኛ የሃይማኖት ተቋም ነን» የሚል መከራከሪያም አይሠራም። ቄስ ሊሆን ይችላል የሚቀድሰው። የፊዚክስ መምህሩ ግን ቅዳሴ አይቀድስም፤ ኒውተንን ነው የሚያስተምር።

▪️ የመምህራን ጠባቂ ቅዱስ ምን አደረገ?

ቤተ ክርስቲያኒቱ እ.ኤ.አ. በ1950 የመምህራን ጠባቂ ብላ የሰየመችው ፈረንሳዊውን ዮሐንስ መጥምቁ ደ ላሳልን ነው። ታሪኩ ለዚህ ጉዳይ የተጻፈ ይመስላል።

ደ ላሳል እ.ኤ.አ. በ1651 በሬምስ ከተማ ከሀብታም ቤተሰብ ተወለደ። በከተማው ካቴድራል ጥሩ ገቢ ያለው የክህነት ሹመት ነበረው። ለድሃ ልጆች በተከፈቱ ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩት መምህራን ግን ድሆች፣ የተናቁ፣ ዛሬ ገብተው ነገ የሚወጡ ሰዎች ነበሩ። ደ ላሳል መጀመሪያ ያደረገው ሱባኤ ማስገባት አልነበረም። ማዕዱ ላይ አስቀመጣቸው። እ.ኤ.አ. በ1681 ዘመዶቹ እየተቆጡ ወደ ገዛ ቤቱ አስገባቸው።

ከዚያ የመጣው ጥያቄ ነው ዋናው። መምህራኑ ስለ ነገ ሲጨነቁ «በእግዚአብሔር ታመኑ» ብሎ መከራቸው። እነሱም ፊት ለፊት መለሱለት፤ አንተ ሹመት አለህ፣ ርስት አለህ፣ ትምህርት ቤቱ ቢዘጋ አንተ አትወድቅም፣ እኛ ግን ጎዳና ላይ ነን የሚል ነበር የመልሳቸው ፍሬ ነገር። ደ ላሳል «የአገልግሎት መንፈስ የላችሁም» አላላቸውም። «ረባሾች» ብሎም አላባረራቸውም። እውነት ተናግረዋል ብሎ ተቀበለ። እ.ኤ.አ. በ1683 ሹመቱን ለቀቀ፤ በተከተለው የረሃብ ጊዜም ሀብቱን ለድሆች አከፋፍሎ ከመምህራኑ ጋር እኩል ሆነ።

ሥዕሉን በየቢሮው የሰቀሉ ዳይሬክተሮች ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ቢማሩ ይበቃል። ስለ መሥዋዕትነት የመስበክ መብት ያለው ሰው እንደ ሰሚው የሚጎዳ ሰው ነው። የመኪናው ነዳጅ፣ የምግቡ፣ የሕክምናው ወጪ በተቋም የሚሸፈንለት ኃላፊ ታክሲ ተሰልፎ የሚመጣውን መምህር ስለ ትዕግሥት ሊያስተምረው አይችልም።

▪️ «የድሃ ልጅ ማስተማሪያ እናጣለን»

ከሚነሡት መከራከሪያዎች ጠንካራው ይህ ነው፤ በክብር ሊመለስም ይገባል። ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ከሌሎች ስም ካላቸው የግል ትምህርት ቤቶች ያነሰ ያስከፍላሉ። በነጻ የሚማሩ ልጆች አሏቸው። በገጠር ያሉት ደግሞ ከክፍያ የሚያገኙት ኢምንት ነው፤ የውጭ ረድኤት ሲቀንስ መጀመሪያ የሚጎዱት እነሱ ናቸው። በአዲስ አበባም የክፍያ ጭማሪ እንደፈለጉ የሚደረግ አይደለም፤ ከወላጅ ጋር መወያየት አለ። «ደመወዝ ከጨመርን ክፍያ እንጨምራለን፤ ክፍያ ከጨመርን የድሃው ልጅ ይወጣል» ይላሉ።

እውነት አለው። ግን እስቲ ይህ ስሌት ማን ላይ እንደሚያርፍ ይታይ። የድሃው ልጅ በነጻ ሲማር ወጪው አልጠፋም፤ የሆነ ሰው ከፍሎታል። የከፈለው ማን ነው? በጎ አድራጊው? ሀገረ ስብከቱ? ከፍሎ የሚያስተምረው ሀብታም ወላጅ? ወይስ በየወሩ ከሚገባው ደመወዝ ላይ ሳይጠየቅ የተቆረጠበት መምህር? የኋለኛው ከሆነ የትምህርት ቤቱ ትልቁ በጎ አድራጊ እሱ ነው። ስሙ ግን በምስጋና ሰሌዳው ላይ የለም። ሌላውን ድሃ በማደኽየት የሚረዳ ድሃ ደግሞ አይረዳም፤ መምህሩ በጥር ሲለቅ ዋጋውን የሚከፍለው ያው በነጻ የሚማረው ልጅ ነው። የሀብታሙ ልጅ እቤቱ አስጠኚ ይቀጠርለታል። የድሃው ልጅ አስጠኚ ክፍል ውስጥ የነበረው ሰው ብቻ ነበር።

ሁለተኛው መከራከሪያ «የትም ቦታ መምህር ይለቃል» የሚል ነው። ልክ ነው። ብር ከሐምሌ 2016 ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የኑሮ ውድነቱ ደመወዝተኛውን ሁሉ አንገዳግዷል። ግን ሌላውም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። መንግሥት ከመስከረም 2018 ጀምሮ የጀማሪ ባለ ዲግሪ ሠራተኛውን ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ አድርጓል። «የግል ትምህርት ቤት ከመንግሥት ይሻላል» የሚለው አሮጌ አባባል በዚያ ቀን አርጅቷል። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የራሱን እርከን ከዚህ ቁጥር ጎን አስቀምጦ ይየው። ካነሰ መምህሩ ለምን ሄደ ብሎ መጠየቅ አያስፈልገውም።

▪️ ከላይ የሚለቀውስ?

ብዙ የማይነገር ሌላ ነገር አለ። በብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች የዳይሬክተርነት ወንበር ለካህን፣ ለሲስተር ወይም ለወንድም የተጠበቀ ነው። እነሱ ደግሞ በመታዘዝ መሐላቸው መሠረት አለቃቸው ሲያዛውራቸው ይሄዳሉ። መምህሩ በደመወዝ ይለቃል፤ ዳይሬክተሯ በትእዛዝ ትለቃለች። አዲሷ ሲስተር ስትመጣ ያለፈችው የጀመረችው ይቆማል፣ የሰጠችው ተስፋ ይረሳል። «በሚቀጥለው ዓመት እናስተካክላለን» የተባለ መምህር በሚቀጥለው ዓመት የሚጠይቀው ሰው ያጣል። ቃል የገባችው ሌላ አገር ሄዳለች።

በሌላ በኩል 20 ዓመት ያገለገለ ምእመን መምህር ከምክትልነት አያልፍም። ትምህርት ቤቱን ከጥግ እስከ ጥግ ያውቀዋል፤ ዘንድሮ ለመጣ ሰው መንገድ ማሳየት ግን ዕጣው ነው። ከፊቱ ጣራ የተደፋበት ሰው ሌላ ቤት ቢፈልግ ምን ይገርማል? አብሮት የሚሄደው ደግሞ የትምህርት ቤቱ ትውስታ ነው።

▪️ ወላጅም ከደሙ ንጹሕ አይደለም

የክፍያ ስብሰባ ሲጠራ አዳራሹ ይሞላል። «መምህራን ስንት ይከፈላቸዋል? አምና ስንት ለቀቁ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። ልጁን ለሰባት ሰዓት አሳልፎ የሚሰጥለትን ሰው ደመወዝ የማያውቅ ወላጅ የመኪናውን ጥበቃ ደመወዝ ያውቃል። ጭማሪ ሲባል የሚጮኸው ወላጅ ያው ጭማሪ ወዴት እንደሚሄድ ቢጠይቅ ኖሮ ጩኸቱ ፍሬ ባፈራ። ወላጅ «ክፍያ አትጨምሩ» ማለት ብቻ ሳይሆን «ከጨመራችሁ ይህን ያህሉ መምህሩ ኪስ ይግባ» ማለት ይችላል። የማይለው ለምንድን ነው?

▪️ ምን ይደረግ?

የሚጠየቀው ተአምር አይደለም። ከሊቀ ጳጳሱ እስከ ወላጁ የሚመለከተው ሁሉ በዚህ ዓመት ሊጀምረው የሚችለው ነው።

1. በየዓመቱ ስንት መምህርና ሠራተኛ እንደለቀቀ፣ ስንት ዓመት ቆይቶ እንደለቀቀ ለወላጅ ይነገር። የፈተና ውጤት በባነር የሚለጥፍ ትምህርት ቤት ይህንንም ይለጥፍ።

2. ከክፍያ ገቢው ምን ያህሉ ለደመወዝ እንደሚውል ይገለጽ። ለነጻ ተማሪዎች የሚወጣው ወጪ ለብቻው ተቆጥሮ ምንጩ ይታወቅ። ከመምህሩ ደመወዝ የሚሸፈን ከሆነ በግልጽ ይባል።

3. ቋሚ ሥራ በቋሚ ውል ይሠራ። ሐምሌና ነሐሴ ይከፈሉ። ለግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አሠሪው 11፣ ሠራተኛው 7 ከመቶ የሚያዋጡት በወረቀት ላይ ባነሰ ደመወዝ ሳይሆን በእውነተኛው ይሁን። ዘበኛውም፣ ጽዳቷም፣ ሞግዚቷም በዚህ ይካተቱ።

4. መቆየት ዋጋ ያውጣ። 5 ዓመት፣ 10 ዓመት፣ 15 ዓመት የቆየ ሰው በእርከንም በሹመትም ልዩነቱ ይታይ። የመምህራንና የሠራተኞች ልጆች በዚያው ትምህርት ቤት መማራቸው እንደ ችሮታ ሳይሆን እንደ ውሉ አካል ይጻፍ።

5. የዳይሬክተርነት በር ለምእመናን መምህራን ይከፈት። ሲስተሯ ወይም አባ ሲዛወሩም የገቡት ቃል ከነሱ ጋር እንዳይሄድ በጽሑፍ ይተላለፍ።

6. ሠራተኛው ማኅበር ቢያቋቁም እንደ ጠላት አይታይ። መብቱ የሕገ መንግሥት ነው። ማኅበር ያለው መምህር ስብሰባ ላይ ይናገራል፤ ማኅበር የሌለው በነሐሴ ይለቃል። የቱ ይሻላል?

ይህ ሁሉ ገንዘብ ይፈልጋል፤ የተወሰነው ግን እውነት መናገር ብቻ ነው የሚፈልገው። እውነቱን ለመናገር ደግሞ በጀት አያስፈልግም። «ዘንድሮ የምንችለው ይህን ያህል ነው፣ ሒሳቡ ይኸው፣ በሁለት ዓመት እዚህ እናደርሰዋለን» የተባለ መምህር ይታገሣል። የኢትዮጵያ መምህር መታገሥ ማንም አያስተምረውም። የማይታገሠው ሒሳቡ ተደብቆበት፣ ድህነቱ በረከት ተብሎ ሲሰበክለት ነው።

ስለት የተሳለ ሰው ይክፈል። ያልተሳለው ደመወዙን ያግኝ።